መብራት ሲሄድ የትራፊክ መብራቱስ?

ጥያቄውን በኢንተርኔት መወያያችን ላይ የለጠፍኩት አንድ ማክሰኞ ማታ ነው። ከሥራ ወደ ቤት እየነዳሁ ነበር። ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ በሚወስደው መስመር ወደ ሰፈራችን መታጠፊያ ስደርስ አካባቢው በሙሉ ጨልሟል። ሱቁ ጨልሟል። ኮንዶሚኒየሙ ጨልሟል። የመንገድ መብራቱም የትራፊክ መብራቱም አብሮ ሄዷል። እኔ መስቀለኛው እዚያ መኖሩን የማውቀው ሰፈሬ ስለሆነ ነው። ከፊቴ የነበረው ሚኒባስ ግን ፍጥነቱን ሳይቀንስ ገባ። ከቀኝ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ እየመጣ ነበር። ሲኖትራኩ ፍሬን ያዘ። የጎማው ጩኸት መስኮቴ ተዘግቶ ተሰማኝ። ሁለቱም ሲቆሙ በመሀላቸው የቀረው አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ሚኒባሱ ከሥራ በሚመለስ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር።

ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ጻፍኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ለዋይፋይ እንኳ ባትሪ የምንገዛ ሰዎች ለመስቀለኛ መንገድ መብራት ለምን ባትሪ አናስቀምጥለትም? አንድ አቋምም ጨመርኩበት። ባትሪው የሚመጣ ከሆነ ከመሀል ከተማ ሳይሆን ከዳር ይጀመር አልኩ። መሀል ከተማ መብራት ሲጠፋ ብዙ ሳይቆይ ትራፊክ ፖሊስ መሀል መንገድ ላይ ይቆማል። እኛ ጋ ከመሸ በኋላ ማንም የለም።

እስከ ዛሬ 46 መልስ መጥቷል። ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዝሟል። መሀል ላይ ስለ ብዙ ሌላ ነገር ስለተወራ አዲስ የሚገቡ ሰዎች ሁሉንም ሳያነቡ የተመለሰ ጥያቄ መልሰው ይጠይቃሉ። ስለዚህ የተባለውን ከመጀመሪያው ጀምሬ በራሴ ቃል ላስቀምጠው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች የእግዜር ይማርህ ዓይነት ነበሩ። አንዱ ከሰሚት፣ አንዱ ከጀሞ። እዚያም እንደዚሁ ነው አሉ። 3ኛዋ ከለገጣፎ የጻፈች እናት ናት። እኔ የጻፍኩት እንደ ሹፌር ነው፤ እሷ እግረኛውን አስታወሰችኝ። ልጇን ከትምህርት ቤት ስታመጣ የምትሻገርበት ዜብራ አለ። መብራት ያለ ቀን ለመኪናው ቀይ ሲበራ ትሻገራለች። መብራት የሄደ ቀን ማንም አይቆምላትም። ስለዚህ ሌላ ሰው እስኪመጣ ትጠብቃለች። አምስት ስድስት ሰው ሲሆኑ በአንድነት ይገባሉ። አንዳንድ ቀን ይህ ከሩብ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ልጁ እጇን ይዞ እየዘለለ፣ እሷ እየቆጠረች። ይህን ካነበብኩ በኋላ እኔም በዚያ መስቀለኛ ሳልፍ አስፋልቱን ብቻ ሳይሆን ጠርዙን ማየት ጀምሬያለሁ።

4ኛው መልስ የአንድ አዛውንት ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና የነዱ ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሌሎቹ ወዲያው ጋሼ ብለው ስለያዟቸው እኔም እንደዚያው እቀጥላለሁ። ጋሼ የነገሩን ይህ ነው። የጫነ መኪና የሚነዳ ሰው ማታ መስቀለኛውን አያይም። የሚያየው መብራቱን ነው። ከሩቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ያያል፣ እግሩን በዚያ ልክ ያዘጋጃል። ነጥቡ ከሌለ መንገዱ ቀጥ ያለ አስፋልት ነው። የለመደው መብራት ስላላስቆመው ብቻ ነጻ ነኝ ብሎ ይነዳል። ስለዚህ ሲሠራ ቆይቶ የጨለመ መብራት መጀመሪያውኑ መብራት ካልነበረው መስቀለኛ ይብሳል። መብራት በሌለበት ሁሉም ሰው ይጠነቀቃል። መብራት በለመደበት ግን ጥንቃቄውን ለመብራቱ አስረክቧል። ይህ ነገር ለሁለት ቀን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ከዚያ ወደ ሒሳቡ ገባን።

5ኛው ሰው ሐሳቤ ጥሩ ነው ግን አይቻልም አለ። አንድ አምፖል 100 ዋት፣ በአንድ ጊዜ 16 አምፖል ይበራል፣ ስለዚህ 1,600 ዋት። ይህን ለአንድ ሌሊት በባትሪ መሸከም ስለማይቻል ጄኔሬተር ያስፈልጋል፤ ለየመስቀለኛው ጄኔሬተር ደግሞ ዘበኛና ናፍጣ ይጠይቃል። ሒሳቡ በራሱ ትክክል ነው። ትናንት ቢሆን። 7ኛዋ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ በትህትና አረመችው። የድሮው ክር ያለው አምፖል ነው 100 ዋትና ከዚያ በላይ የሚበላው። የአሁኑ መብራት ኤልኢዲ ነው። አንዱ ዓይን 10 ዋት አካባቢ ነው የሚወስደው።

ሒሳቡን ደረጃ በደረጃ አስቀመጠችልን። አራት አቅጣጫ ያለው መስቀለኛ 8 የመኪና፣ 8 የእግረኛ መብራት አለው እንበል። እያንዳንዱ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቀለም ብቻ ነው የሚበራው። 16 ጊዜ 10፣ 160 ዋት። ለመቆጣጠሪያው ሳጥን 90 ጨምሩበት። 250 ዋት ሆነ። ለንጽጽር፣ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። አንድ ቤት እንጀራ በሚጋግርበት ኃይል ከአሥር በላይ መስቀለኛ ይበራል ማለት ነው። አሁን ባትሪው። ባለ 12 ቮልት፣ 100 አምፒር አወር ባትሪ አራት ቢቀመጥ 4,800 ዋት አወር ይይዛል፤ 4,800 ዋት ለአንድ ሰዓት ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር ግማሹን ብቻ እንጠቀም። 2,400። የባትሪውን ኃይል ወደ መስመር ኃይል የሚቀይረው ኢንቨርተር ጥቂት ይበላል። 2,000 ቀረ። ለ250 ሲካፈል 8 ሰዓት። በድሮው አምፖል ቢሆን ይኸው ባትሪ ከአንድ ሰዓት ብዙ አያልፍም ነበር።

5ኛው ሰው መልሶ መጣና ምስጋናውን ጻፈ። እንዲህ ያለ ሰው በኢንተርኔት ላይ ብዙ አይገኝም። ደስ ብሎኛል።

8ኛው መልስ ላይ መሐንዲሷ አንድ ነገር ጨመረች። ባትሪው እስኪያልቅ ሙሉውን መብራት ማሠራት ግዴታ አይደለም። መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይሠራል። ባትሪው ሲቀንስ ወደ ብልጭ ድርግም ይቀየራል። ዋናው መንገድ ላይ ቢጫ፣ ወደ ዋናው በሚገባው መጋቢ መንገድ ላይ ቀይ። ብልጭ ድርግም ሲል ግማሹን ጊዜ ጠፍቶ ነው የሚያሳልፈው፣ የሚበሩት ዓይኖችም ጥቂት ናቸው። ስለዚህ የቀረችው ኃይል ረዘም ላለ ጊዜ ትቆያለች። ጋሼ ወዲያው ደገፏት። ለእሳቸው ትልቁ ነገር ከሩቅ የሚታይ ነጥብ መኖሩ ነው። ቀይም ይሁን ቢጫ፣ ብቻ አንድ ነገር ይብራ።

አሁን ወደ 9ኛው መልስ። እኔን አቋሜን ያስቀየረኝ ይህ ሰው ነው።

ኤሌክትሪሺያን ነው። የትኛው መሥሪያ ቤት፣ የትኛው መስቀለኛ እንደሆነ አልጻፈም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን የማይሠራ መብራት እንዲያይ ተጠርቶ ሄደ። ጥግ ላይ የቆመውን ግራጫ የብረት ሳጥን ከፈተ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ መቆጣጠሪያው፣ ከሥሩ የብሬከሮች ረድፍ። ታች ደግሞ ሁለት ባትሪ። አዎ፣ ባትሪ ነበረው። ተገዝቶ፣ ተገጥሞ፣ ገመዱ ታስሮ። ግን የባትሪው ራስ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት አብቅሏል። አንዱ ጎኑ እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቷል። በቮልት መለኪያ ሲለካው 12 ተኩል አሳየ። ደህና ይመስላል። አምፖል ሲያስርበት ግን ደቂቃ ሳይሞላ 8 ወረደ። ሞቷል። በሳጥኑ በር በውስጥ በኩል የምርመራ ቀን የሚጻፍበት ካርድ ተለጥፏል። የመጀመሪያው መስመር ላይ የተገጠመበት ቀን ተጽፏል። የቀሩት መስመሮች ባዶ ናቸው።

ያን ባዶ ካርድ በዓይኔ ያየሁት ያህል ነው የሚሰማኝ። እኔ ባትሪ ይገዛ እያልኩ ስጮህ ነበር። ባትሪ መግዛት ቀላሉ ነው። የሚከብደው በየወሩ ሳጥኑን የሚከፍት፣ ስሙ የታወቀ ሰው መመደብ ነው። ኤሌክትሪሺያኑ ፈተናውም ቀላል መሆኑን ነገረን። የመስመሩን ብሬከር አውርድ። ግማሽ ሰዓት ቁም። መብራቱ ከቀጠለ ደህና ነው፣ ከጠፋ ባትሪው ይቀየር። ባትሪ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል።

10ኛው ሰው ባትሪ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቀ። የእርሳሱ ባትሪ ከ3 እስከ 5 ዓመት ቢቆይ ነው የሚል መልስ አገኘ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ ዕድለኛ ናት። ከ25 ዲግሪ በላይ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ይባላል። የእኛ አየር ቀዝቃዛ ነው። ብቻ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ የብረት ሳጥን ውስጡ ምድጃ ነው፤ ማናፈሻና ጥላ ይፈልጋል።

ከ11 እስከ 15 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። 11ኛው ሰው ሕዳሴው ተመርቆ እያለ ስለ ባትሪ ማውራት ውርደት ነው አለ። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ 5,150 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ ሰምተናል፤ ታዲያ ለምን ይጠፋል? 12ኛው ሰው ስድብ በሚቀርበው ቃል መለሰለት። 13ኛው ደግሞ ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ገብቶ አንድ መልስ አጠፋ። ከጭቅጭቁ የተረፈው አንድ ቁም ነገር ግን አለ፤ ያመጣችውም መሐንዲሷ ናት። ኃይል ማመንጨትና ኃይል ማድረስ ሁለት ነገር ነው። ከግድቡ የሚነሳው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር በደዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ ወርዶ ወርዶ ሰፈራችን በ15 ኪሎ ቮልት ይገባል፣ ምሰሶ ላይ ባለው ትራንስፎርመር 220 ቮልት ይሆናል። አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ይህ የመጨረሻው ክፍል ነው። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይወድቃል። ሰፈሩ አድጎ ትራንስፎርመሩ ሳያድግ ይቀራል። ጎተራው ሙሉ ነው፤ ወፍጮው ነው የተሰበረው። ዳር ላይ ያለን ሰዎች የመስመሩ ጫፍ ላይ ነን። ስለዚህ ከዳር ይጀመር ያልኩት አቋም በዚህ በኩልም ድጋፍ አገኘ። ይህን መናገሬ ለመርታት አይደለም። ከልቤ የማምንበት ስለሆነ ነው።

16ኛው ሰው ሶላር አለ። ምሰሶው ላይ ሰሌዳ ይሰቀል፣ ነገሩ ያልቃል። 17ኛው የክረምቱን ደመና አስታወሰው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ለሳምንት ሳይከፈት ይቆያል፣ መብራት የሚጠፋውም በዝናብና በነፋስ ጊዜ ነው። የሚያስፈልግህ ቀን በማይኖር ነገር ላይ ብቻ አትመካ። መስመሩ ካለ ባትሪውን መስመሩ ይሙላው፣ ሶላሩ ይደግፈው ወደሚለው ተስማሙ።

18ኛው ስለ ኪንሻሳ ጻፈ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ2013 በሶላር የሚሠሩ፣ የሰው ቅርጽ ያላቸው የትራፊክ ሮቦቶች ተተክለው ነበር። የሥራው መሪ ቴሬዝ ኢዛይ ኪሮንጎዚ የምትባል መሐንዲስ ናት። በሮቦቶቹ እጅና ደረት ላይ ቀይና አረንጓዴ ይበራል። ሴት መሐንዲስ፣ በአፍሪካ ከተማ፣ የራሷን ችግር በራሷ መንገድ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ። 19ኛው ደግሞ ጆሃንስበርግ የኖረ ነው፤ እዚያ ሮቦቶቹ ላይ ባትሪ ተገጥሞ እንደተሰረቀ ጻፈ። ለጥቂት ጊዜ ሰው ሁሉ ግራ ተጋባ። የኪንሻሳው ሮቦት እንዴት ጆሃንስበርግ ገባ? በኋላ ነው የገባን። ደቡብ አፍሪካውያን ተራውን የትራፊክ መብራት ሮቦት ነው የሚሉት።

ስርቆቱ ግን ቀልድ አይደለም። በዚያ አገር በፈረቃ መብራት በሚጠፋበት ዘመን ለትራፊክ መብራት የተቀመጠ ባትሪና ገመድ ተነቅሎ ይሸጥ ነበር። እኛ ጋስ? 20ኛው ሰው ሳጥኑ በወፍራም ብረት ይበየድ አለ። 21ኛው ባትሪው መሬት ላይ ሳይሆን ምሰሶው ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል አለ። 22ኛዋ ጥግ ላይ ቡና የምታፈላ ሴት ናት። ልጇ ነው የሚጽፍላት። ሌሊት ማንም በማያይበት ጥግ ብረት ቢበየድም ይፈታል፤ ሳጥኑን የሚጠብቀው ከአጠገቡ የሚውልና የሚያድር ሰው መኖሩ ነው ትላለች። የእሷ ጀበና ከሳጥኑ አምስት እርምጃ ላይ ነው። ማን እንደሚከፍተው ታውቃለች። መጥቶ የጠየቃት ግን የለም።

ከዚህ በኋላ ክሩ ላይ የመጣው ሐሳብ እስከ ዛሬ ያላሰብኩት ነው። 23ኛው ሰው ጀርመን አገር ዓመታት ነድቷል። እዚያ የትራፊክ መብራቱ ምሰሶ ላይ፣ ከመብራቱ አጠገብ፣ የቅድሚያ ምልክትም ተሰቅሏል። ዋናው መንገድ ላይ ቢጫው አልማዝ። መጋቢው ላይ የተገለበጠው ሦስት ማዕዘን፣ ቅድሚያ ስጥ። መብራቱ ሲሠራ ለመብራቱ ትታዘዛለህ። መብራቱ ሲጠፋ ወይም ቢጫ ብልጭ ሲል ለምልክቱ ትታዘዛለህ። ማን እንደሚያልፍ፣ ማን እንደሚቆም በብረት ላይ ተጽፏል። ምልክቱ ባትሪ አይፈልግም። ቆጣሪ አይፈልግም። የሚያንጸባርቅ ቀለም ስላለው የመኪናው ፓውዛ ሲነካው ራሱ ይበራል።

አሜሪካ የሚኖር 24ኛ መላሽ እነሱ ጋ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ሕጉ ሌላ እንደሆነ ጻፈ። መብራቱ የጨለመ መስቀለኛ ላይ ከአራቱም አቅጣጫ የመጣ ሰው ሁሉ ይቆማል፤ ከዚያ በተራ ይሄዳል። ጋሼ ለዚህ የሰጡት መልስ አጭር ነበር። የጨለመውን ያላየ ሰው እንዴት ይቆማል? ምልክቱን መረጡ። እኔም እንደሳቸው ነኝ። ሕግ ጥሩ ነው፤ ማታ በዝናብ ግን የሚታይ ነገር ይሻላል። ደግሞም አራት ባትሪና ኢንቨርተር እስኪገዛ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። አንድ ምልክት ማቆም የአንድ ቀን ሥራ ነው።

25ኛው ሰው ቆርቆሮው ይነቀላል አለ። ሰፈሩ የቆመ የቁም ምልክት በሳምንቱ የዶሮ ቤት በር ሆኖ እንዳገኘው ጻፈ። ከፍ ብሎ መብራቱ ጎን ከተሰቀለ መሰላል ይፈልጋል ተባለ።

ከዚያ የአደባባይ ጦርነት ተነሳ። 26ኛው ሰው ጥፋቱ ሁሉ አደባባዮችን አፍርሶ መብራት መትከል ነው ብሎ ተቆጣ። አደባባይ መብራት አይፈልግም። ውስጥ ላለው ቅድሚያ ትሰጣለህ፣ አለቀ። ማታ ደግሞ መሀል ላይ ያለው ክብ ራሱ ፍጥነትህን ያስቀንስሃል። 27ኛው በጣም ሻከረበት። አንድ አቅጣጫ መኪና ሲበዛበት ሌሎቹ ሦስቱ እንዴት እንደሚታገቱ አላየህም፣ ወይስ መኪና የለህም አለው። መኪና የለህም የሚለው ቃል ክሩን አበላሸው። ለስድስት ሰዓት ያህል ሁለቱ ብቻ ተመላለሱ። 28 እና 29 የእነሱ ነው። ሰው በመኪናው አይመዘንም። በእግሩ የሚሄድ ሰው ስለ መስቀለኛ ከማንም በላይ የመናገር መብት አለው። ይህን እዚያው ጽፌለት ነበር፤ 27ኛው ሰው በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ 26ኛውም ተቀበለ። ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል። ጭነት መኪና በሚበዛበት ሰዓት አደባባይ ይታነቃል። ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ግን ጨለማ ቢሆን እንኳ አደባባይ ሰውን ያድናል።

30ኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ ትራፊክ ሲያስተናብር ነበር። መብራት በጠፋ ማታ ነጭ ሹራብ ለብሶ፣ የስልኩን መብራት አብርቶ መሀል ገብቶ መኪና እንዳሳለፈ ነገረን። ብዙ ሰው አደነቀው። 31ኛዋ ነርስ ናት። እሷ አላደነቀችውም። በጣም ተቆጣችው። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ እንደ እሱ ያሉ ልጆችን እንደምትቀበል፣ ደግ ልብ ከሲኖትራክ እንደማያስጥል ጻፈች። ልጁ ተከፋ። እኔም መጀመሪያ ንግግሯ ከበደኝ። ግን ጋሼ 32ኛው መልሳቸው ላይ ከጋቢናው የሚታየውን ገለጹ። ጨለማ ውስጥ ከሩቅ የሚመጣ አንድ የስልክ መብራት አንድ ዓይኑ የጠፋ ባጃጅ ይመስላል። ሹፌሩ ባጃጁ ያልፋል ብሎ ይጠብቃል። ሰው ነው ብሎ አያስብም። ነጭ ሹራብ የሚታየው በጣም ሲቀርቡ ነው። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ እና ቀይ የእጅ ባትሪ ከሌለ መሀል መንገድ አይገባም። ልጁ ይህን ተቀበለ። ነርሷም ልጁን በኋላ ወንድሜ ብላ አበረታታችው።

34ኛው ሰው ሕጉን አስታወሰ። የትራፊክ ፖሊስ የእጅ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። ፈቃደኛ ልጅ ግን ያ ሥልጣን የለውም፤ ሹፌሩ ላይታዘዘው ይችላል። እኔ የምለው፣ ዳር ላይ ማታ ፖሊስ ከሌለ ልጆቹን ወደ መንገድ የሚገፋቸው ያ ባዶ ቦታ ነው።

ከ35 እስከ 38 ስለ ቤት ኢንቨርተርና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ነው። ነዳጅ የሚጠቀሙ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ሰፈሩ የኤሌክትሪክ መኪና ሞልቷል። መብራት በሌለ ቀን ምን ይደረጋል የሚለው ብዙ አጻጻፈ። አንድ ሰው ባትሪ ሊሸጥ ስልክ ቁጥሩን ለጠፈ፤ አወያዩ አነሳው። ግን ከዚህ ሁሉ ወሬ 38ኛው መልስ ወደ ጉዳዩ መለሰን። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ለመኪና ሲደክም ሞቷል ማለት አይደለም። ከመጀመሪያው አቅሙ ሰባ ሰማንያ ከመቶው ይቀርበታል። ቆሞ ለሚሠራ ነገር፣ ለ250 ዋት፣ ከበቂ በላይ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ከተማችን ውስጥ እንዲህ ያለ ባትሪ ይበዛል። ይህን ከአሁኑ የሚያስብ ሰው ቢኖር ብዬ ተመኘሁ።

39ኛዋ መላሽ አጭር ጥያቄ ጠየቀችኝ። እናንተ ጋ መብራት ሲሄድ ስንት ሰዓት ይቆያል? ይህን ሳታውቅ ስንት ባትሪ እንደሚበቃ እንዴት ታውቃለህ? መልስ አልነበረኝም። ብዙ ሰዓት ልል ነበር። ብዙ ማለት ቁጥር አይደለም።

በማግሥቱ ጥጉ ላይ ሱቅ ያላቸውን እትዬን ሄጄ አማከርኳቸው። ከሱቃቸው መስኮት መብራቱ ይታያል። የዱቤ ደብተራቸውን ገለበጡና በመጨረሻው ገጽ ሦስት ዓምድ አሰመሩ። የሄደበት፣ የመጣበት፣ መብራቱ ምን ሆነ። ሲሄድ ሻማ አብርተው ይጽፋሉ፣ ሲመጣ ይጽፋሉ። ሦስት ሳምንት ሞላን። ዘጠኝ ጊዜ ሄዷል። አብዛኛው ከ40 ደቂቃ በታች ነው። ረጅሙ 2 ሰዓት ከ40 ነበር። ስድስቱ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ነው።

ገጹን ፎቶ አንስቼ ስለጥፍ መሐንዲሷ ሒሳቧን አሻሻለች። ለዚህ መስቀለኛ አራት ባትሪ አያስፈልግም። ሁለት ይበቃል፣ ትርፍም አለው። ኤሌክትሪሺያኑም ከደብተሩ ሌላ ነገር አነበበ። ሁለት ቦታ ላይ መብራቱ መጥቶ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መልሶ ሄዷል። የሳጥኑን ዕቃ የሚገድለው ይህ ነው። ኃይሉ ሲመለስ ከፍ ብሎ ይመጣል። ፍሪጃችንን በስታቢላይዘር የምንጠብቀው ለዚህ ነው፤ ስታቢላይዘሩ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው። የትራፊክ ሳጥኑም እንዲሁ መስመሩ እስኪረጋ በባትሪ ይቆይ፣ ሲመለስም አራቱንም አቅጣጫ ለአፍታ ቀይ አድርጎ ይጀምር።

43ኛው ስለ ለንደን ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1868 ምክር ቤቱ አጠገብ የቆመው የመጀመሪያው የትራፊክ መብራት በጋዝ ይሠራ ነበር፤ ወር ሳይሞላው ፈንድቶ ፖሊሱን ጎዳ። 44 እና 45 የሰበታና የካራ ሰዎች ናቸው። ደብተሩን እንዴት እንዳሰመርን ጠየቁ፣ እነሱም ጀምረዋል።

የእኛን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌዋለሁ። ከእሱ ጋር ሦስት መስመር ጥያቄ ጽፌያለሁ። መጀመሪያ ቅድሚያ ስጥ የሚለው ምልክት ምሰሶው ላይ ይሰቀል። ቀጥሎ ሁለት ባትሪ ይግባ። ሦስተኛው፣ ሳጥኑን በየወሩ የሚከፍተው ሰው ማን እንደሆነ በካርዱ ላይ ይጻፍ። ቡና የምታፈላውም እትዬም ፈርመዋል።

46ኛው መልስ የጋሼ ነው። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ወረዳው በር ላይ እንደሚጠብቁኝ ጽፈዋል።